ብል የበላው ቢጫ

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በአንድ ወረዳ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የኮሌራ ማከሚያ ድንኳኖች ተተክለዋል። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ናሙና ሰብስቤ ወደ ከተማ መውሰድና እዚያው ካልቸር መሥራት፣ ማለትም ተሕዋሱን አብቅሎ መለየት ነበር።

የኮሌራ አልጋ አይታችሁ ለማታውቁ፦ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው የሸራ አልጋ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል። በሽተኛው ተነሥቶ ለመሄድ አቅም ስለማይኖረው የሚወጣው ሁሉ በቀዳዳው ወደ ባልዲው ይወርዳል። ነርሷ ባልዲውን እየለካች ትመዘግባለች፤ የወጣውን ያህል በክንድ በኩል ሪንገር የሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ ይገባል። የሚወጣው ነገር ሰገራ አይመስልም። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው። የጠናባቸው ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ሊወጣቸው ይችላል፤ ጠዋት በእግሯ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ የጣቷ ቆዳ ተጨማዶ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ታገኟታላችሁ።

በአንደኛው አልጋ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተኝታለች። እናቷ ራስጌዋ ተቀምጠው በውሃ የተበጠበጠ የጨውና የስኳር ቅመም፣ ኦአርኤስ፣ በማንኪያ ይግቷታል። እኔ ጎንበስ ብዬ ከባልዲው ናሙና ስወስድ እናቷ ትኩር ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ምን እያየሽ ነው?» አሉኝ።

«በሽታውን ያመጣው ተሕዋስ እዚህ ውስጥ ነው፣ እማማ።»

«ይታይሻል?»

«እንዲሁ በዓይን አይታይም፤ በመሣሪያ ነው።»

«እሱ ብቻ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እሱ ብቻ ነው» አልኳቸው። የማውቀውን ነው የነገርኳቸው። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ መልስ የተሻለ ነበር፤ ይህን ለመረዳት ብዙ ወራት ፈጀብኝ።

ናሙናዎቹን ቲሲቢኤስ በሚባለው አረንጓዴ ማብቀያ ላይ ዘራኋቸው። የኮሌራ ባክቴሪያ እዚያ ላይ ሲያድር ቢጫ ሆኖ ይበቅላል፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ጠብ ያለ ማር የሚመስል። በማግሥቱ ጠዋት የሌሎቹ በሽተኞች ፕሌቶች፣ ማብቀያው ያለባቸው ሳህኖች፣ እንደዚያው ነበሩ። የዚያች ሴት ፕሌት ግን ሌላ መልክ ይዟል። የበቀለው ጥቂት ነው፤ የበቀለውም ጠርዝ ጠርዙ ተሸራርፏል፤ ብል የበላው ጋቢ ይመስላል። ደግሜ ዘራሁት፤ በሁለተኛው ቀን ከፊተኛው ያነሰ በቀለ። ማብቀያው አርጅቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ኃላፊዬ ደግሞ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ይሆናል አሉኝ። መዝገቡ ላይ «ናሙናው ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩና ፕሌቱን ከሚወገዱት ጋር ተሕዋስን በእንፋሎት ወደሚገድለው ማሽን፣ ወደ አውቶክሌቭ፣ ሰደድኩት።

በሽተኛዋ ሕክምናዋን እያገኘች ስለነበር የእኔ ውጤት አልጎዳትም፤ ኮሌራ ላቦራቶሪ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም። በአራተኛው ቀን ከእናቷ ጋር በእግሯ ወጣች። ፕሌቱ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

*

ያን መልክ እኔ የመጀመሪያዋ ተመልካች አልነበርኩም። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1915 ፍሬድሪክ ትዎርት የሚባል እንግሊዛዊ የባክቴሪያ መንጋው ቦታ ቦታው ላይ እየቀለጠ መስተዋት ሲመስል አይቶ ጻፈ። በ1917 ደግሞ ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት የሚሠራው ፌሊክስ ዴሬል በደም ተቅማጥ ከታመሙ ሰዎች ሰገራ ባክቴሪያ የማያሳልፍ ማጣሪያ እያለፈ ባክቴሪያን የሚገድል ነገር አገኘ፤ ሕይወት ያለው፣ ባክቴሪያን እየበላ የሚራባ ቫይረስ ነው አለ። ስሙንም «መብላት» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ባክቴሪዮፋጅ አለው። ባለሙያዎች ሲያሳጥሩት ፋጅ ይሉታል። ለአማርኛ ጆሮ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። ፈጀ፣ ይፈጃል፣ ፈጅ። ከግሪኩ ጋር ዝምድና ባይኖረውም፣ «ባክቴሪያ ፈጅ» ብንለው ትርጉሙ ቦታው ላይ ይቀመጣል። እኔ ከዚያ ወዲህ በልቤ የምጠራው እንደዚያ ነው።

ስለ ፋጅ ከትምህርት ቤት የማስታውሰው አንድ ሥዕል ነበር፤ ጨረቃ ላይ የሚያርፍ መንኮራኩር የሚመስል፣ ባለ ስድስት እግር። ለፈተና ክፍሎቹን ሸመደድን፣ አለፍን። ያ ሥዕል እኔ በየቀኑ ከምይዘው ባልዲ ጋር ግንኙነት እንዳለው ማንም አልነገረኝም። አሁን ላስተምር ብባል የምጀምረው ከሥዕሉ ሳይሆን ከባልዲው ነው።

ዳካ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ኮሌራን ለማጥናት በ1960 የተጀመረ ትልቅ የተቅማጥ በሽታዎች ማዕከል አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ኮሌራ የሚነሣበት ከተማ ስለሆነ የበሽተኞች ናሙና ለብዙ ዓመት ሲሰበሰብና በማቀዝቀዣ ሲቀመጥ ኖሯል። ከዚያ ናሙና ውስጥ የኮሌራ ፋጆች ተገኙ። ከሁሉም ቶሎ ቶሎ የሚገኘው አይሲፒ1 የሚል ስም ተሰጠው። ከ2001 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ ደጋግሞ ታይቷል። ባክቴሪያው በሰው አንጀት ውስጥ ሲራባ እሱም እዚያው እየተከተለ ይራባል ማለት ነው። በኮሌራ የተያዘ ሰው ባልዲ በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ፋጅ ለሚባል ፍጥረት ይህ የደረሰ ማሳ ነው።

አይሲፒ1 የሚያጠቃው ባክቴሪያ ላይ ለመለጠፍ የሚይዘው ነገር አለ። በኮሌራ ባክቴሪያ ገላ ላይ እንደ ጸጉር የበቀለ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ እኛ በላቦራቶሪ «ኦ1» ብለን የምንለየው እሱን ነው። ፋጁ ያን ይዞ ይጠጋል፣ ይቆነጥጣል፣ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይልካል፤ ልብሱ ውጭ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የራሱ ጌታ አይደለም። ፕሮቲን መሥሪያው፣ ጉልበቱ፣ ጥሬ ዕቃው ሁሉ ለፋጁ ልጆች ይውላል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ ግድግዳው ይፈርስና ልጆቹ ይበተናሉ። እያንዳንዱ ደግሞ ሌላ ባክቴሪያ ይፈልጋል። በፕሌት ላይ ይህ ሲሆን ጠርዙ የተበላ ቢጫ ይታያል።

ባክቴሪያው ምን ያድርግ? በሩን ይዝጋ፤ የስኳሩን ሰንሰለት ይጣል። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ በዘረመላቸው ላይ ባለ አንድ ትንሽ ስህተት ሰንሰለቱ ሳይሠራ ይቀራል፤ ፋጁ ቢመጣ የሚይዘው የለውም። ነገር ግን ያው ሰንሰለት ባክቴሪያው በሰው አንጀት ውስጥ ተጣብቆ እንዲኖር የሚያስችለው ነው። ጣለው ማለት ከፋጅ ዳነ፣ አንጀቱን ግን አጣ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቆምኩ። አንድ ነፍስ ያለው ነገር እንዲህ ባለ አጣብቂኝ ውስጥ እየኖረ ነው እኔ በየቀኑ «አዎንታዊ» «አሉታዊ» እያልኩ የምመዘግበው።

ሌላም አለ። አይሲፒ2 የሚባለው ፋጅ የሚይዘው ሌላ በር ነው፤ ኦምፕዩ የሚባል፣ በባክቴሪያው ቆዳ ላይ ያለ ፕሮቲን። በጥቅምት 2010 ሄይቲ ላይ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወራት በኋላ ኮሌራ ተነሣ። ከዚያና ከባንግላዴሽ በተወሰደ የበሽተኞች ሰገራ ውስጥ ከአይሲፒ2 ለማምለጥ የተለወጡ ባክቴሪያዎች ተገኙ። አንዳንዶቹ ያጡት በሩን ብቻ አልነበረም። በሩን የሚያሠራውን አዛዥ ነው ያጡት፤ ቶክስአር የሚባለውን ዘረመል። ይህ አዛዥ ደግሞ መርዙንም የሚያዘው ነው። ከቫይረሱ ለማምለጥ ሲሉ ሰውን የሚያሳምሙበትን መሣሪያ ጣሉ። በአንድ ሰው አንጀት ውስጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አዳኙ ሲያሯሩጠው ገዳዩ ትጥቁን ፈታ።

*

መርዙ ራሱ ግን ከየት መጣ? እዚህ ላይ የሚቀጥለውን ሳልጽፍ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱም የዚያችን ሴት ፊት ስለሚያመጣብኝ ነው።

ያንን ሁሉ ውሃ ከሰው ገላ የሚያወጣው የኮሌራ መርዝ ነው። ካልካታ ውስጥ ኤስ ኤን ዴ የተባለው ሐኪም በ1959 መርዙ መኖሩን አሳየ። አሠራሩ ዛሬ የታወቀ ነው፤ መርዙ የአንጀት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ አንድ ማብሪያ ማጥፊያን እንደበራ ያስቀረዋል፤ ሕዋሱ ጨው ወደ ውጭ መትፋቱን ሊያቆም አይችልም፤ ጨዉን ውሃ ይከተለዋል። በ1996 ማቲው ዋልዶርና ጆን ሜካላኖስ የሚባሉ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የዚህ መርዝ ዘረመል በመሠረቱ የባክቴሪያው ንብረት እንዳልሆነ አሳዩ። የፋጅ ንብረት ነው። ሲቲኤክስ የሚባል ክር መሳይ ፋጅ አለ፤ ይህ ባክቴሪያን አይገድልም፤ ዘረመሉን ከባክቴሪያው ዘረመል ጋር አጋብቶ አብሮ ይኖራል፤ ልጆቹንም ግድግዳ ሳያፈርስ ቀስ አድርጎ ያወጣል። የመርዙን መመሪያ ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ነው። እሱ ያልገባበት የኮሌራ ባክቴሪያ ወንዝና ባሕር ዳር የሚኖር፣ ያን ዓይነት ድንኳን የማያስተክል ተሕዋስ ነው።

እንግዲህ በዚያ ባልዲ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቫይረስ ነበር ወይም ሊኖር ይችል ነበር። አንደኛው ባክቴሪያውን አስታጥቆ ሴትዮዋን ሊገድላት የደረሰ። ሌላኛው ባክቴሪያውን እየፈጀ ያለ። «ቫይረስ መጥፎ ነው» ወይም «ፋጅ ወዳጃችን ነው» የሚሉ ጽሑፎችን ሳይ አሁን አልስማማም። ፋጅ ለሰው ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ ሰውን አያውቀውም። የሚያውቀው የስኳሩን ሰንሰለት ነው። እኛ በመሐል ያለን ሜዳ ነን፤ ሜዳው ደግሞ በጦርነት ጊዜ ይቃጠላል።

*

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የሚከተለው ነው። ብዙ ጊዜ ወስጄ እጽፈዋለሁ፣ ታገሡኝ።

የኮሌራ ባክቴሪያ በሩን መዝጋት ካልቻለ ሌላ መከላከያ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ የኮሌራ ባክቴሪያዎች ዘረመል ውስጥ ፒኤልኢ የሚባል፣ ወደ 18 ሺህ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት ቁራጭ ተደብቆ ይኖራል። በሰላም ጊዜ ዝም ብሎ ተኝቷል። አይሲፒ1 ሲገባ ግን ይነቃል፤ የሚቀሰቅሰውም የፋጁ የራሱ ፕሮቲን ነው። ከተኛበት ተነቅሎ ይወጣል፣ ራሱን እያባዛ ይሞላል፣ የፋጁን የልጅ ማፍራት ሥራ ያበላሻል። የፋጁን ራስ ቅል የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ይወስድና በእነሱ አነስ ያለ ቅል ይሠራል፤ የፋጁ ዲኤንኤ ከ120 ሺህ ፊደላት በላይ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ የፒኤልኢው ግን ልክክ ይላል። ከዚያም ባክቴሪያው ከጊዜው በፊት ይፈነዳል። በአንድ ሰዓት ተኩል ምትክ በ20 ደቂቃ አካባቢ።

ባክቴሪያው አልዳነም፤ ሞቷል። ነገር ግን ሲሞት የወጣው የፋጅ ልጅ ሳይሆን ፒኤልኢን የተሸከመ ጭነት ነው፤ እሱም ወደ ጎረቤት ባክቴሪያ ገብቶ እዚያ ይተኛል። ጎረቤቱ የተረፈው ይኼኛው ስለሞተ ነው። በባክቴሪያ ዓለም ይህ ዓይነቱ ሞት ብዙ ነው፤ ፋጅ ገብቶበት ማምለጥ የማይችል ሕዋስ ጠላቱ ሳይወልድ ራሱን ያጠፋል፤ በዙሪያው ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ቅጂዎች፣ ወንድሞቹ ናቸው። ይህን ሳስብ «መሥዋዕትነት» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣል፤ ቃሉ ግን የሰው ነው። ሕዋሱ አይመርጥም፤ ያን ያደረጉት ዘሮች ስለተረፉ ብቻ ነው ልማዱ የቀረው። እንደዚያም ሆኖ ሳነበው ስሜቴ ተነካ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ፒኤልኢ ማንን ነው የሚያገለግለው? ባክቴሪያውን ነው እንዳንል ባክቴሪያው ይሞታል። ራሱን ነው። እሱ የፋጁ ጥገኛ ነው፤ ፋጁ ካልመጣ ወደ ጎረቤት የሚሄድበት ጋሪ የለውም። ጥገኛ በጥገኛ ላይ ማለት ነው። በ2017 በወጣ አንድ ጥናት አምስት ዓይነት ፒኤልኢዎች ተለይተዋል፤ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ አንዱ ሲነግሥ ሌላው እየጠፋ ተተካክተዋል። ለምን ተተካኩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፋጁ ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ ነው።

በ2013 ኪምበርሊ ሲድና አንድሪው ካሚሊ ቦስተን ባለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአይሲፒ1ን ዘረመል ሲያነቡ የማይጠበቅ ነገር አገኙ፤ ክሪስፐር።

ክሪስፐርን ብዙዎቻችን የምናውቀው ዘረመል መቁረጫ ተብሎ ነው፤ ዱድናና ሻርፓንትዬ በ2020 ኖቤል የተሸለሙበት፣ በ2023 መጨረሻ ላይ ለማጭድ ሕዋስ የደም ማነስ ሕክምና በብሪታንያና በአሜሪካ የተፈቀደበት። ሥሩ ግን የባክቴሪያ ትዝታ ነው። ባክቴሪያው ከዚህ ቀደም ከገባበት ፋጅ ዲኤንኤ ላይ ቁራጭ ቆርጦ በራሱ ዘረመል ውስጥ በተርታ ያስቀምጣል፤ ያው ፋጅ ሲመለስ ከቁራጩ ጋር አስተያይቶ ይለየዋል፣ ይቆርጠዋል። ይህን ያስተዋለው አሊካንቴ፣ ስፔን ውስጥ በባሕር ዳር የጨው ኩሬ ተሕዋስ ላይ ይሠራ የነበረው ፍራንሲስኮ ሞሂካ ነው። በሙከራ ያረጋገጡት ደግሞ በ2007 የእርጎ እርሾ ባክቴሪያ የሚያመርት ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ፋጅ እርሿቸውን እየገደለ ወተቱ አልረጋ እያለ ያስቸግራቸው ስለነበር። የቤት እመቤት «ወተቱ እምቢ አለ» የምትለው ነገር በፋብሪካ ደረጃ ሲሆን ብዙ ቶን ወተት ነው።

ስለዚህ ክሪስፐር ባክቴሪያ ፋጅን የሚያስታውስበት መዝገብ ነው። አይሲፒ1 ውስጥ ምን ይሠራል? ፋጁ ከሆነ ባክቴሪያ ላይ፣ በሆነ ዘመን፣ መዝገቡን ከነመቁረጫው ወስዶታል። መዝገቡ ውስጥ የተጻፈው የፒኤልኢ ቁራጭ ነው። ፋጁ ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ፒኤልኢ ይነቃል፤ የፋጁ ክሪስፐር አይቶ ይለየዋል፣ ይቆራርጠዋል፤ ፋጁም ልጆቹን ይወልዳል። በላቦራቶሪ መዝገቡ ከፒኤልኢው ጋር የማይገጥም ፋጅ ፒኤልኢ ባለባቸው ባክቴሪያዎች ላይ ሲለቀቅ፣ ከፋጆቹ ጥቂቶቹ አዲስ ቁራጭ መዝግበው አሸነፉ። በእሾህ እሾህን ማውጣት የምንለው በዓይን የማይታይ ዓለም ውስጥም አለ።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ መብራት ስለጠፋ በስልኬ ብርሃን። ጎረቤት ጄኔሬተር ይጮኻል። ዓይኔ ላይ የመጣብኝ ግን ያ ባልዲ ነው። ነርሷ ለክታ «800» ብላ የጻፈችው፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ጉድጓድ ውስጥ የተደፋው ባልዲ። «እሱ ብቻ ነው ያለው?» ብለው ነበር እማማ። እሱ ብቻ አልነበረም።

*

በዚህ ጦርነት እኛን በቀጥታ የሚነካ ሌላ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ባለሙያዎች ካሁኑ የበለጠ ቢነጋገሩ እወዳለሁ። የኮሌራ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምድበትን ዘረመል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚያዞር ኤስኤክስቲ የሚባል ትልቅ የዲኤንኤ ጭነት አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ ከተነሣው ኮሌራ ነው የተለየው፤ ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ መድኃኒቶችን የሚያከሽፍ። ለረጅም ጊዜ ይህ ጭነት የተስፋፋው ሰዎች መድኃኒት ስላበዙ ነው ብለን እናስተምር ነበር። በ2021 የሲድ ቡድን እንዳሳየው ግን እዚያው ጭነት ውስጥ ፋጅን የሚከላከል መሣሪያም ተጭኗል። ባክቴሪያው ፋጅን ሲሸሽ ይህን ጭነት ይይዛል፤ ከጭነቱ ጋር መድኃኒት የማይሠራበት ይሆናል። አንድም ክኒን ያልዋጠ ሰው አንጀት ውስጥ፣ ፋጅ ብቻውን፣ መድኃኒት የለመደውን ባክቴሪያ ሊያበረታው ይችላል።

ይህ መድኃኒት እንደፈለገን እንዋጥ ማለት አይደለም፤ ገበያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዶክሲሳይክሊን ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ። ነገር ግን ፋጅን መድኃኒት እናድርገው የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ይህን ማስታወስ አለብን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዴሬል ራሱ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ለኮሌራ ፋጅ ሲያጠጣ ነበር፤ ወዳጁ ጊዮርጊ ኤሊያቫ በ1923 ትብሊሲ ጆርጂያ ውስጥ ተቋም መሠረተ። ኤሊያቫን በ1937 የስታሊን መንግሥት ገደለው፤ ተቋሙ ግን ዛሬም አለ፤ ፋጅ ይሠራል። በ2017 ደግሞ የተፍትስ ሰዎች አይሲፒ1ን፣ አይሲፒ2ንና አይሲፒ3 የሚባለውን ሌላ የኮሌራ ፋጅ ቀላቅለው ለአይጥና ለጥንቸል ግልገሎች አስቀድመው ቢያጠጧቸው ከኮሌራ እንደሚጠብቃቸው አሳዩ። ሦስት የቀላቀሉት ባክቴሪያው አንዱን በር ሲዘጋ ሌላው እንዲጠብቀው ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም ለቀሩት የሚሰጥ ነገር ሊሆን ይችላል የሚል ተስፋ አለ። እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን በድንኳኑ ውስጥ ያየሁት ሰው በፋጅ እጥረት አልታመመም፤ ንጹሕ ውሃ ስላጣ ነው የታመመው። ኦአርኤስና ሪንገር በጊዜ ከደረሱ ከመቶ በሽተኛ አንድ እንኳ አይሞትም። የወንዙ ውሃ ሳይስተካከል ስለ ፋጅ ብቻ የሚያወራ ሰው ቢመጣ አልሰማውም።

ስለ ወንዝ ካነሣን፦ ዳካ ውስጥ በ2005 የወጡ ሁለት ጥናቶች ነበሩ። ሻህ ፋሩቅና ባልደረቦቹ የከተማዋን ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲለኩ፣ ውሃው ውስጥ የኮሌራ ፋጅ በበዛበት ጊዜ ኮሌራ ይቀንሳል፤ ፋጅ ሲያንስ ኮሌራ ይነሣል። ወረርሽኙ እየበረታ ሲሄድ በሽተኞች በሰገራቸው ፋጁንም እያበዙ ወደ ውሃ ይመልሱታል፤ በመጨረሻ ፋጁ ወረርሽኙን ለማቆም ይረዳል። ሁላችንም ግን ወረርሽኝ ሲያልቅ «ዘመቻችን ተሳካ» እንላለን። ዘመቻውን አላጣጥልም፤ የክሎሪን በርሜል ተሸክመው ቤት ለቤት የዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዓይኔ አይቻለሁ፣ እግራቸው በጭቃ ተልጦ። ግን በዚያ ክረምት የበሽተኛው ቁጥር ወርዶ ድንኳኑን ስናፈርስ፣ ከእኛ ሌላ በዚያ ወንዝ ውስጥ ማን ሲሠራ እንደነበረ ለማየት አንድ ጠርሙስ ውሃ እንኳ አልቀዳሁም። ይቆጨኛል።

ፕሌቷም ትቆጨኛለች። ያ የተሸራረፈ ቢጫ ፋጅ ነበር ብዬ መማል አልችልም። በሽተኛዋ ከመምጣቷ በፊት ክኒን ውጣ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናውም በእውነት ሙቀት አግኝቶት ይሆናል። ማረጋገጥ የሚቻለው ፕሌቷ በእጄ ሳለች ነበር።

*

ባለፈው ሳምንት አንድ በሙያው ገና አዲስ የሆነ ልጅ የማለዳ ፕሌቶች እያነበበ ነበር። አንዱን ከተርታው አወጣና ወደ ማስወገጃው ሊከት እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ አሳየኝ» አልኩት።

«ተበላሽቷል እኮ፣ እህት። እዪው፣ ጠርዙ ሁሉ ተበልቷል።»

መስኮቱ ጋ ወስጄ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ቢጫው ብል የበላው ነው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር መታ። ከጠርዙ ላይ በመርፌ ጫፍ ወስደን በፈሳሽ በጠበጥነው፤ 0.22 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አሳለፍነው፤ ባክቴሪያው ይቀራል፣ ፋጅ ካለ ያልፋል። ከሌላ ናሙና የመጣውን ጤነኛ የኮሌራ ባክቴሪያ ፕሌት ሙሉ ዘርተን፣ ከተጣራው ፈሳሽ መሐሉ ላይ አንድ ጠብታ አደረግንና ለማግሥቱ ተውነው።

ጠዋት ልጁ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሳልደርስ በር ላይ ጠበቀኝ። ፕሌቱ ዳር እስከ ዳር ደመና የሞላው ሰማይ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ፣ ጠብታው ባረፈበት ቦታ፣ የምስር ክክ የምታህል ንጹሕ ክብ። በክቡ በኩል ማዶ ያለው የጓሮ ዛፍ ይታያል።

«ምን ተብሎ ይመዝገብ?» አለኝ መዝገቡን ከፍቶ።

መዝገባችን ለአዎንታዊ፣ ለአሉታዊና ለተበላሸ ናሙና ነው ቦታ ያለው። ጥቂት አሰብኩና «አስተያየት» በሚለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ፋጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የተጣራው በ4 ዲግሪ ተቀምጧል። ብልቃጡ ላይ ቀኑን በማርከር ጽፈን ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ማንም በስህተት እንዳይጥለው ከኋላ በኩል አስቀመጥነው።